ቀለበታችሁን አውልቁ፦ ባል ፍለጋ የገባሁበት የሸክላ ኮርስ

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 9,500 ብር። በቴሌብር፣ በአንድ ጊዜ፣ ተመላሽ የለውም። ለስምንት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ሦስት ሰዓት። ጭቃውና ሽርጡ ከእነሱ ነው። እኔ የተማርኩት ሰባት ቅዳሜ ነው። ስምንተኛዋን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

የቤቱን ስም አልጠራም። አስተማሪው ጥሩ ልጅ ነው፣ እንጀራውን መዝጋት አልፈልግም። ቦሌ ውስጥ፣ ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ የአንድ ቪላ ጓሮ ነው ካልኩ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማስታወቂያው ቲክቶክ ላይ መጣብኝ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ጭቃ ላይ አራት እጅ ጭነው ይሳሳቃሉ። ከሥሩ «ይምጡ፣ ይሥሩ፣ ይተዋወቁ» ይላል። «ይተዋወቁ» ከምትለዋ ቃል አጠገብ ትንሽ ቀይ ልብ አለች። እኔ የከፈልኩት ለልቧ ነው። አልዋሽም።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። መገናኛ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ወንድ አያለሁ፤ ግን ወይ አሞታል፣ ወይ ለሚስቱ መድኃኒት ሊገዛ ነው የመጣው። ቲንደርን ሞክሬዋለሁ። የቴሌግራም የትዳር ቻናልም ሞክሬ «ቁመት፣ ክብደት፣ የቤት ሁኔታ» የሚል ፎርም ሞልቻለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የምመዘገብ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሥራ እየሠራ ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ቁጭ ብሎ ራሱን ሲያስተዋውቅ ሳይሆን እጁ ሥራ ይዞ።

ኮርሱ የጀመረው የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሁዳዴ የገባው የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ረመዳን ደግሞ የጀመረው በዚያው ቅዳሜ። አዘጋጆቹ ምን አዘጋጅተው ጠበቁን? ቶርታ። ክሬም የተለበጠ፣ ላዩ ላይ ቼሪ ያለበት ትልቅ ቶርታ። «የመተዋወቂያ ሰዓት ነው፣ ተጋበዙ» አለች አስተናጋጇ። አሥራ ስድስት ሰው ቶርታውን እያየ ቆመ። ሁለት ሦስቱ የረመዳን ጾመኞች ውሃም አይቀምሱም። አብዛኞቻችን የሁዳዴ ነን። በመጨረሻ አንዲት ፕሮቴስታንት ልጅ አዘነችላቸውና ቆርሳ በላች። በቀጣዩ ቅዳሜ ቆሎ መጣ፤ ለሚጠጣ ደግሞ ሻይና ስፕሪስ። ያ ጥሩ ነበር።

በሌላ በኩል ግን ጊዜው ሳያውቁት የተዋጣለት ነው። በሁዳዴ ሰርግ የለም። ኮርሱ በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ኖሮ ግማሻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዜ ሆነን እንቀር ነበር። ያላገባ ሰው ቅዳሜው ባዶ የሚሆነው በጾም ነው። ይህን አስበውበት ቢሆን ኖሮ አደንቃቸው ነበር። አላሰቡበትም። በምን አወቅሽ ካላችሁኝ፣ ስምንተኛው ቅዳሜ የዋለው ቀዳም ስዑር ላይ ነው። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብሎ አላየም።

እና ወንዶቹስ? አሥራ ሁለት ሴት፣ አራት ወንድ። ማስታወቂያው ላይ እኩል ነበሩ።

አንዱ ከእጮኛው ጋር ነው የመጣው። አንዱ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለትምህርቱ ሳይሆን ለቲክቶክ ቪዲዮው ነው የመጣው፣ እኔንም «እትዬ» ብሎ ጠራኝ። በዚያችው ቃል ሂሳባችን ተዘጋ። የቀሩት ሁለቱ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ የሚመስሉ፣ ንጹሕ፣ ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው። እሺ፣ ሁለትም ሁለት ነው አልኩ።

ከዚያ አስተማሪው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሰጠ፦ «ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ያላችሁ አውልቁ።»

ይህን ከመመዝገቤ በፊት ማንም አልነገረኝም። ጭቃ ቀለበት ሥር ይገባል፤ ቀለበት ደግሞ ጭቃውን ይቧጭረዋል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ አንድ ሰሃን ተቀመጠ፣ ያገባውም ያላገባውም ያለውን እዚያ ውስጥ ጣለ። አሥራ ስድስት ባዶ እጅ። ባል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ትምህርት በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ዋና እንኳን ይሻላል፤ ቢያንስ ቀለበት አይወልቅም።

ምን አደረግኩ? ትምህርቱ ሲያልቅ እጄን ለመታጠብ ሰዓት ፈጀሁ። ጥፍሬን በብሩሽ እየፈተግኩ ሰሃኗን በዓይኔ ጠበቅኩ። ከሁለቱ ረጋ ካሉት አንደኛው መጣ፣ ሁለት ጣቱን ሰሃኑ ውስጥ ከተተ፣ ወፍራም የወርቅ ቀለበት አወጣና ወደ ቦታዋ መለሳት። ሁለተኛው በሰሃኑ አጠገብ አለፈ። ሳያይ። ምንም ሳይወስድ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር።

ስለ ጥፍር ካነሳሁ አይቀር፦ ዋዜማው አርብ ጄል አሠርቼ ነበር። ለማማር። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁለቱ ተሰበሩ፤ የቀሩት ጭቃውን እንደ ድመት ይቧጥጡታል። አስተማሪው መቀስ ሰጠኝ። ቁረጡና ሂዱ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ጥሩ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ነው።

የሚጀምረው በማቡካት ነው። ሊጥ ያቦካ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ልዩነቱ እዚህ አየር የሚባል ነገር ውስጡ እንዳይቀር ነው የምትለፋው። ከዚያ ዊል የሚሉት የሚሽከረከር ጠረጴዛ አለ፣ በመብራት የሚሠራ። አራት ብቻ ናቸው፤ ለአሥራ ስድስት ሰው ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ጭቃውን መሃል ላይ ትጥላለህ፣ እጅህን ታረጥባለህ፣ ክርንህን ጭንህ ላይ ተክለህ መሃል እስኪይዝ ድረስ ትጫነዋለህ። ክንድ ብቻውን አይችለውም፤ በሰውነትህ ነው የምትደገፈው። መሃል ያልያዘ ጭቃ ያወዛውዝሃል፤ መሃል ሲይዝ ደግሞ የቆመ እስኪመስል ዝም ይላል። ያቺ ዝም የምትልበት ቅጽበት ደስ ትላለች። እኔ ያገኘኋት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

ለትውውቅ የሚጠቅመው ደግሞ ይኼ ነው፦ እጅህ ጭቃ ስለሆነ ስልክ አትነካም። ከቲክቶከሩ በቀር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አሥራ አምስት አዲስ አበቤ ስልክ ሳይነካ ሲያወራ የት አይታችኋል? ለቅሶ ቤት እንኳን የለም። በዚያ ላይ የሁሉም ሥራ ይፈርሳል። የዶክተሩም፣ የተማሪውም፣ የእኔም። ጽዋው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወጥቶ፣ ሊያልቅ ሲል አንገቱ ይዞርበትና ይዘፈዘፋል። ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው። ባለ ወርቅ ቀለበቱ ጭቃውን ተሳደበ። ቲክቶከሩ ቀረጸው። አንዷ ልጅ አለቀሰች፤ ግን ለጽዋው እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ባዶ እጁን ያለፈው ሰውዬስ? መሐንዲስ ነው፣ ሕንጻ ላይ ይሠራል። ጽዋው ሦስት ጊዜ ፈረሰበት። ሦስቱንም ጊዜ ሰብስቦ፣ እንደገና አቡክቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ጀመረ። እኔ በልቤ ምልክት አደረግኩ። በአራተኛው ቅዳሜ የእኔ ጭቃ ሲወዛወዝ መጥቶ «ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊው» አለኝ፤ እጄን አልነካም፣ በጣቱ ብቻ አሳየኝ። ሲያልቅ እስከ መገናኛ በመኪናው ሸኘኝ። ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራን። ቤት ገብቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ። «ጭቃ ላይ የታገሠ ሰው ቤትም ይታገሣል» አልኳት። እንዲህ ያለ ፍልስፍና ሁሉ አውጥቼ ነበር።

አምስተኛው ቅዳሜ መጋቢት 20 ነው፤ በማግስቱ ዒድ ነበር። ያን ቀን አስተማሪው እንግዳ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ ሲባል ቀጨኔ ነው፤ ከዚያ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ሁላችንም እማማ አልናቸው። ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል። ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ዊሉን አዩትና «ይኼማ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ማዳበሪያ አስነጥፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ለኮርሱ ካወጣሁት ገንዘብ ግማሹ ለዚያች ቀን ይሁንልኝ። እማማ ጭቃቸውን ከቤታቸው ነው ያመጡት። የተሰበረ ሸክላ፣ ገል፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ገብቶበታል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው አሉን። ዊል የለም። አንድ ጎድጎድ ያለ የሸክላ ስባሪ ላይ ጭቃውን አስቀምጠው በግራ እጃቸው እያዞሩ በቀኛቸው ይስባሉ። የጀበናውን ሆድ እንዲህ እያዞሩ አወጡት። ውፍረቱን የሚለኩት በዓይን አይደለም፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል እያሳለፉ ነው። ሆዱ ካለቀ በኋላ አንገቱን ወዲያው አልቀጠሉም። ትንሽ ይጠንክር፣ አሁን ከጫንኩበት ይጎብጣል አሉ። ሆዱ እስኪጠነክር የሌላውን ጀበና ሆድ ጀመሩ። ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆሙም። ከዚያ ከኪሳቸው ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አውጥተው ፊቱን አሹት፤ የሚያበራው በዚያ እንጂ በቀለም አይደለም። ድንጋዩ የእናታቸው ነበር። አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ጎኑ በማሸት ብዛት ጠፍጥፏል።

አተኳኮሱንም ነገሩን። ምድጃ የለም፤ ሜዳ ላይ ይደረደራል፣ ኩበት፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ገለባ ይከመርበታል። ጥቁር ጀበና ከፈለግሽ ገና ትኩስ እያለ አውጥተሽ ገለባ ውስጥ ታፍኚዋለሽ፤ ጭሱን ይጠጣል። «ይጠጣል» ነው ያሉት።

እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ያኔ መሐንዲሱ ወደ ባለ ወርቅ ቀለበቱ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ከኋላው ያለሁት እኔ እየሰማሁት «በጊዜ እንልቀቃቸው፣ ሲመሽ ጅብ እንዳይሆኑብን» አለ። ሳቀ።

ላልገባው አንባቢ፦ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚለው የቆየ ስድብ ነው። በእሱ የተነሳ ስንት ሰው ጎረቤት ተነፍጓል፣ ስንት ልጅ ሳታገባ ቀርታለች።

እማማ ጆሯቸው ስለት ነው። እጃቸው አልቆመም። ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ጅብ ብሆን ኖሮ በእግሬ ስገሰግስ እደርስ ነበር እንጂ ከቀጨኔ እዚህ ድረስ ለታክሲ እጋፋ ነበር?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ፊቱ ቀላ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ቀልዴን ነው» አለ። እሳቸውም «አውቃለሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «አውቃለሁ» ሲሉ ግን አልሳቁም።

ያን ቀን መኪና ሲከፍትልኝ «ወንድሜ ሊወስደኝ ይመጣል» አልኩት። ወንድም የለኝም። ያ ሁሉ ስለ ጭቃና ትዕግሥት ያወጣሁት ፍልስፍና ገደል ገባ። ሰውዬው ጭቃ ላይ በእርግጥ ታጋሽ ነው። ፈተናውን መቶ ከመቶ አልፏል። ፈተናው ነው ያልሆነው።

ማታ ደሴ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ኮርሱ ያኔ ነው የነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ደግሞ ሸክላ? ፋርማሲስት ብዬ አስተምሬሽ?» አለች። እየቀለደች ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉም አይደለም። አጼ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቁም ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። 117 ዓመት። አዋጁ መሐንዲሱ ጋ አልደረሰም፤ እናቴም ጋ ግማሹ ነው የደረሰው። እሷ በዕድሜዋ ሙሉ እንጀራ የጋገረችበትን ምጣድ የሠሩት እጆች የማን እንደሆኑ ጠይቃ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ብቻ የሚገርመኝ ይኼ ነው፦ ጭቃ የሚነካ ሰው አይጋባንም ይባል በነበረበት አገር፣ እኔ ለመጋባት ብዬ 9,500 ብር ከፍዬ ጭቃ ነካሁ።

ስድስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ዊሎቹ ቆሙ። ጄኔሬተር የለም። ምዝገባ ላይ «አለ» ብለውኛል፤ ለካ ያለው ጎረቤት ነው። አስተማሪው በእጅ የሚሠራ ነገር እንሥራ ብሎ በረንዳ ላይ አወጣን። ወንዶቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በአንድ ሄዱ። ቀረን አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ክብ ሠርተን፣ ጭቃ እየጠፈጠፍን። የቀረው ቡና ብቻ ነው።

እና ምርመራው ተጀመረ። አጠገቤ የምትቀመጥ ነርስ አለች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የመጣችው ለማረፍ ነው። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ኪራይ ነሽ?» አዎ። «ታጭተሻል ወይስ ዝም ብለሽ ነው?» ዝም ብዬ ነኝ። ወዲያ ማዶ ያለችው «እኔ የአጎቴ ልጅ አለ፣ ግን ካናዳ ነው» አለች። ሌላዋ «ካናዳውን ተይው፣ እኔ ጎረቤት አለኝ» አለች። የሒሳብ መምህርቷ ለእኔ የሚሆን የለኝም አለችና ለፕሮቴስታንቷ ልጅ አንድ የሥራ ባልደረባዋን አሰበችላት። አለቀሰች ያልኳችሁ ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ነርሷ ዝም ብላ ጭቃዋን ስትጠፈጥፍ ቆየችና «ወንድም አለኝ» አለች። «መለዋወጫ ይነግዳል። ቀለበት የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ይኼን እዚያ ሰሃን ላይ ማየት አያስፈልግሽም።»

ለካ አይታኛለች። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ይኼን ነው። እዚያ ገብቶ ባል ማግኘት አይቻልም። እዚያ የሚገኘው ወንድም ያላቸው ሴቶች ናቸው። አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ቲክቶክ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ቅሬታዬን ላፍስሰው፤ ግምገማ ነውና።

ውሃ። ሁለት ቅዳሜ የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ከበርሜል በጣሳ እየቀዳን ነው የተማርነው። የሸክላ ትምህርት ቤት ያለ ውሃ ማለት ፋርማሲ ያለ መድኃኒት ማለት ነው።

አቧራ። ይህን እንደ ጤና ባለሙያ ነው የምናገረው። ትምህርት ሲያልቅ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጉታል፣ እኛ እዚያው ቆመን። የደረቀ ሸክላ ብናኝ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ለዓመታት የሳበው ሰው ሳንባ ላይ ጠባሳ ይሠራል። ለእኛ ለሰባት ቅዳሜ ምንም ላይሆን ይችላል። በየቀኑ ለምትጠርገው ልጅ ግን አደጋ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። በሁለተኛው ጊዜ ልጅቷ እኔን ለማስደሰት በጥቂቱ ውሃ ረጨች፣ ከዚያ በደረቁ ቀጠለች።

የሚያብረቀርቀው ቅብ። እርሳስ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «የለበትም» አሉኝ። ጣሳውን አሳዩኝ ስል ጣሳው ላይ ጽሑፍ አልነበረም። የእኔን ጽዋ ውስጡን አላስቀባሁም፤ ብዕር ማስቀመጫ ሆኗል። ለሚጠጡበት ዕቃ እናንተም ጠይቁ።

ማቃጠያው። የኤሌክትሪክ ነው፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ሄደና የአራት ሰው ሥራ ተሰነጠቀ። ይህ ጥፋታቸው አይደለም። ጥፋታቸው የማን ዕቃ የማን እንደሆነ አለመጻፋቸው ነው። የተሰነጠቀውን ማንም የእኔ ነው አላለም፤ ደህናውን ሁለት ሁለት ሰው የእኔ ነው አለ። እጮኛሞቹ በአንድ ሳህን የተነሳ ተኮራርፈው ወጡ። ታርቀዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስምንተኛው ቅዳሜ። «ከፋሲካ በኋላ እናካክሳለን» ተባለ። ከዚያ «ግንቦት ላይ»። ይህን የምጽፈው ሰኔ ላይ ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስጠይቅ የአበባ ስቲከር ነው የሚመልሱልኝ።

እንግዲህ ለትምህርቱ ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ ለአስተማሪው አምስት፣ ለአስተዳደሩ ሁለት። እማማ ነጥብ አይሰጣቸውም። ስንት እንደተከፈላቸው ጠይቄ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ከእኔ ክፍያ አንጻር ግን አሳፍሮኛል። ጀበና የምትፈልጉ ከሆነ በቀጥታ ቀጨኔ ሄዳችሁ ከእነሱ ግዙ፤ የትኛው እንደማያፈስ ራሳቸው መርጠው ይሰጧችኋል።

የእኔ ጀበና ግን ያፈሳል።

ዕቃችንን የተረከብነው ሚያዝያ 18 ነው፣ በፋሲካ ሳምንት። ነርሷ ሳጥን የሚሸከምላት ሰው ይዛ መጣች። ምንም አልተናገረችም፣ «ወንድሜ ነው» ብቻ። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ቁመቱ መካከለኛ ነው፣ ሸሚዙ እጅጌ ላይ የግራሶ ምልክት አለ። ጀበናዬን ከእጄ ተቀበለና እንደ መለዋወጫ ዕቃ አገላብጦ አየው። ወደ ብርሃን አነሳው። በጣቱ አንኳኳው። «ሠራሽው?» አለኝ። አዎ። «እጄታው የተጣበቀበት ጋ ታፈሳለች» አለ። እንዴት አወቅህ ስለው «እንየው» አለና ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ሞላበት፣ አጥሩ ላይ አስቀመጠው፣ ሰዓቱን አየ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ስለ ምንም አላወራንም። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እጄታው ሥር አንዲት ጠብታ ወጣች፣ ቀስ ብላ ወረደች።

«አየሽ» አለ። ኩራት የለበትም፤ እንዲያውም ያዘነ መሰለ። «ግን ቅርጿ ጥሩ ነው።»

እማማ ባዘዙት መሠረት የቡና አተላ እያፈላሁ ሦስት ቀን አሟሸሁት። ጠብታው ቀነሰ፣ አልቆመም። ሥሩ ሳህን አስቀምጬ ነው የምቀዳው። እሱ ቡና ሲመጣ ሳህኑን ያነሳና ስንት ጠብታ እንደሞላ ያያል። እስካሁን አራት ጊዜ መጥቷል። እሁድ ደግሞ ይመጣል።

እናቴ ገና አልሰማችም። ደሴ ያላችሁ ዘመዶቼ ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ፣ ቢያንስ እስከ መስቀል አፋችሁን ያዙልኝ።